የአዴ ብርቄ ሁለተኛ ምት

አዴ ብርቄ ማረፋቸውን የነገረችኝ እናቴ ናት። ደውላ መጀመሪያ ስለ ምግቤ፣ ቀጥላ ስለ ብርድ ልብሴ ጠየቀችኝና ዝም አለች። እናቴ ስልክ ላይ ዝም የምትል ሰው ስላልሆነች አንድ ነገር እንዳለ ገባኝ። “አዴ ብርቄን ትናንት ቀበርናቸው፤” አለችኝ። የዩኒቨርሲቲ ፈተና ላይ ስለነበርኩ ሆን ብላ ማቆየቷን በኋላ ነው የተረዳሁት። ለጊዜው የመጣልኝ ጥያቄ ቀብሩ ላይ ሰው በዝቶ ነበር ወይ የሚል ብቻ ሆነ።

“እኔ ምኑን አይቼ?” አለች። “ሰፈር ጠባቂነቱ የደረሰው ለእኔ ነበር።”

እናቴ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ከአዴ ብርቄ ጋር አጥር ለአጥር ኖራለች። የልጅ ክርስትና፣ የበዓል ቅርጫ፣ የሐዘን ቤት ሁሉ አብረው ነው ያሳለፉት። እንዲህም ሆኖ ቀብራቸው ላይ አልቆመችም። በእድራችን ደንብ በቀብር ቀን ሁለት ሰው ሰፈር ይቀራል፤ ተራው የደረሰው ሰው የሥጋ ዘመዱ ካልሞተ በቀር አይቀየርም። እናቴ ቀይሩኝ ብላ አልለመነችም። ደንቡ የወጣው በአዴ ብርቄ ምክንያት ስለሆነ በእሳቸው ቀብር ቀን ለማፍረስ አፈረች።

ደንቡ እንዴት እንደወጣ ከመናገሬ በፊት ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ልጻፍ።

አዴ ብርቄ ቅቤ ነጋዴ ነበሩ። አምቦ ውስጥ “አዴ” የምንለው በሌላ አገር “እትዬ” እንደሚባለው ነው፤ ሰፈራችን ውስጥ አማርኛ ተናጋሪውም፣ ኦሮምኛ ተናጋሪውም፣ ባለሱቁ ሙዘሚልም እንዲሁ ይጠሯቸው ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ የግራ እግራቸውን የሚጎትቱ ሴት ነበሩ። ባላቸው ቀድመው ሞተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ቅቤውን አንዳንዴ ከጎጆ ከተማ፣ አንዳንዴ ከሸነን ገበያ ያመጣሉ። የጎጆ መንገድ እግሬን ጨረሰው ይላሉ፤ ግን የደጋው ቅቤ ይበልጥባቸዋልና መሄዱን አይተዉም።

ቅቤ ሲገዙ በኮባ የተጠቀለለውን ላዩን አያዩም። ቀጭን ሰንበሌጥ ያወጡና እስከ መሃሉ ይወጉታል፣ ቀስ ብለው ይስቡታል፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያሸቱታል። ውስጡ ድንች ወይም ሙዝ የተደባለቀበት ከሆነ አይጮኹም፣ ሰውም አይሰበስቡም። ኮባውን ከበፊቱ አሳምረው ይጠቀልሉትና ለሻጯ ይመልሱላታል። “ይህን ልጆችሽ ይብሉልሽ፤” ይላሉ። እናቴ እንደምትለው ሻጮቹ ከስድብ ይልቅ ይህችን ንግግር ይፈሩ ነበር።

ከሰው ጋር ሲያወሩም እንዲሁ ነበሩ። ወሬ ይዘን ከሄድን መጀመሪያ የሚጠይቁን “አይተሽ ነው ሰምተሽ?” ብለው ነው። ሰምቼ ካልን “እንግዲያው ያየው ሰው ይምጣ፤” ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ልጅ ሆነን ይህ ነገር ያናድደን ነበር፤ ትኩስ ወሬ ይዘን ሮጠን ሄደን ቀዝቅዘን እንመለሳለን።

አንድ ጊዜ አናጢው ፈይሳ ከጎረቤቱ ጋር በአጥር ወሰን ተጣላና ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ማን ቀድሞ እንደተሳደበ ያላየ ሰው አልነበረም። በዚያ ሰዓት ገበያ የነበሩት ሳይቀሩ አይተናል አሉ። ከሁሉ ቤታቸው የሚቀርበው አዴ ብርቄ ስለሆኑ ሽማግሌዎቹ እሳቸውን ጠሯቸው።

“እኔ ሽንት ቤት ነበርኩ፤” አሉ አዴ ብርቄ፣ ሳያፍሩ። “የሰማሁት ድምፅ ነው። ድምፅ ደግሞ ፊት የለውም።”

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው፤ ፈይሳም ሳቀ፤ ጠቡ በዚያው በረደ። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ውስጥ ያላየውን የሚመሰክር ሰው ሲገኝ “ሽንት ቤት ነበርኩ በል!” እየተባለ ይቀለድበት ነበር።

አሁን ወደዚያ ቀን ልመለስ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የሰፈራችን አንድ አዛውንት አርፈው በጠዋት ጥሩንባ ተነፋ፤ ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ እንዳለ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣ። በዚያን ጊዜ ለቀብር ሲኬድ ማንም ወደ ኋላ አይቀርም ነበር። መቅረት ነውር ነው። ስለዚህ የቀብር ቀን ቤቶቹ ሁሉ ባዶ ናቸው፤ ይህን ደግሞ የምናውቀው እኛ ብቻ አልነበርንም።

አዴ ብርቄ መንገድ ላይ እግራቸው እምቢ አላቸው። ለእናቴ ነግረዋት ብቻቸውን ተመለሱ። ከዚህ በኋላ የሆነውን ያየ ሌላ ሰው የለም፤ እሳቸው ግን ለፖሊስም፣ ለጠበቃም፣ ለዳኛም፣ ለእናቴም የነገሩት አንድ ዓይነት ነው። እኔም እንደነገሩት አድርጌ እጽፈዋለሁ።

የአዴ ብርቄ ቤት በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለች የጭቃ ቤት ናት። በሯ አንድ ብቻ ነው፤ መስኮቷ ብረት አለው። ሲደርሱ ቁልፉ ተሰብሮ ተንጠልጥሏል። በሩን ገፋ ሲያደርጉ አንድ ወጣት ቴሌቪዥናቸውን በጋቢ እየጠቀለለ አገኙት። ሁለቱም ደነገጡ። ልጁ ቴሌቪዥኑን ለቀቀው፤ መሬት ላይ ወድቆ ተሰበረ። አዴ ብርቄ በሩ ላይ እንደቆሙ ቀሩ። ከመቃኑ አጠገብ ዘነዘናቸው ተደግፎ ነበርና አነሱት። ልጁ ባዶ እጁን ወደ እሳቸው መጣ። ትከሻውን መቱት፤ ደፉ ላይ ወደቀ። ከዚያ አንድ ጊዜ ደገሙት። ሁለተኛው ያረፈው ክንዱ ላይ ነው።

ኡኡታቸውን የሰማው ከቀብር እየተመለሰ የነበረው ሰው ነው። እኛ ስንደርስ ልጁ ግማሹ ቤት ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ሆኖ ተጋድሟል። ስሙ ለሚ እንደሚባል በኋላ ነው ያወቅነው። ገና ጢሙ በደንብ ያልወጣ፣ ድንጋይ በመጫን የሚተዳደር ልጅ ነበር። ዓይኑን ገልጧል፤ ግን ማንን እንደሚያይ አያውቅም።

ያን ጊዜ ነው ፈይሳ “ወደ ውስጥ ሳቡት፤” ያለው። ሁለት ሰዎች ወዲያው እግሩን ያዙ። ሰፈራችን ውስጥ ሁሉም የሚያምንበት አንድ ሕግ ነበር፤ ማን እንዳወጣው አላውቅም። ሌባ ቤትህ ውስጥ ወድቆ ከተገኘ ምንም አትባልም፤ ውጭ ከወደቀ ግን ትጠየቃለህ የሚል ነው። ስለዚህ ደፍ ላይ የወደቀ ሰው ሲያዩ የታያቸው የልጁ ስብራት አልነበረም፤ ገላው ከደፉ በየትኛው ወገን እንደሚበዛ ነበር። ይህን ሲያደርጉ ክፋት አልነበረባቸውም። ለአዴ ብርቄ ማሰባቸው ነው።

“አትንኩት፤” አሉ አዴ ብርቄ። “የወደቀው እዚያ ነው።”

ሌላው ደግሞ ጓዳ ገብቶ ቢላዋ ይዞ መጣና ከልጁ እጅ አጠገብ ሊያስቀምጥ ጎንበስ አለ። አዴ ብርቄ ቀሙት።

“ይህ የእኔ የሽንኩርት ቢላ ነው። ከእሱ ጋር ምን አገናኘው?”

“ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው!”

“ለእኔ ካልክ ሽንኩርት ክተፍልኝ።”

ማንም አልሳቀም። ከኋላ የመጡት ወጣቶች ልጁን ለመደብደብ መግፋት ጀምረው ነበር። አዴ ብርቄ ዘነዘናውን እንደያዙ ከልጁ አጠገብ ደፉ ላይ ቁጭ አሉ። ነጠላቸውን አውልቀው የተሰበረውን ክንድ ከደረቱ ጋር አሰሩለት። ሙዘሚል ፖሊስ ጠርቶ፣ ባጃጁንም አስነስቶ እስኪመጣ ድረስ ከዚያ አልተነሱም። እኔ የማስታውሰው እጃቸውን ነው። ነጠላውን ሲቋጥሩ አልተንቀጠቀጠም።

ለሚ በስርቆት ተከሶ አመነና ተፈረደበት። ሰፈሩ ነገሩ ያለቀ መስሎት ነበር። ክንዱ ግን ከክርኑ አልዘረጋ አለ፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ አይዘረጋም ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ዐቃቤ ሕግ በአዴ ብርቄ ላይ በከባድ የአካል ጉዳት ክስ መሠረተ። ሰፈሩ በቁጣ ነደደ። ሌባ የገባው በእሳቸው ቤት፣ ተከሳሽ እሳቸው? ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው ያላለ ሰው አልነበረም። እናቴ እንኳ፣ ሰው መስደብ የማትወደው፣ ያን ሰሞን ሕግን ስትሰድብ ነው የከረመችው።

ያልተቆጡት አዴ ብርቄ ብቻ ነበሩ። ፍርሃት ግን ነበራቸው። ከታሰሩ እግራቸው በሲሚንቶ ወለል ላይ እንደማይችል፣ ደንበኞቻቸው እንደሚበተኑ፣ ሲወጡ እንደገና ጎጆ ድረስ መሄድ እንደማይሆንላቸው ያውቃሉ። ሌሊት እንቅልፍ እንደሌላቸው ለእናቴ ነግረዋታል።

መንግሥት ያቆመላቸው ተከላካይ ጠበቃ ወጣትና ትሑት ሰው ነበር። ቤታቸው ድረስ መጥቶ በሩን፣ ደፉን፣ ዘነዘናው የነበረበትን ቦታ አየ። እኔና እናቴ፣ ፈይሳም እዚያው ነበርን። ሕጉን በቀስታ አስረዳን። ሰው የሚደርስበትን ሕገ ወጥ ጥቃት መከላከል ይችላል፤ ጥቃቱ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት፤ በሌላ መንገድ ማምለጥ የማይቻል፣ መከላከያውም ከአደጋው ጋር የሚመጣጠን መሆን አለበት። ቤት ውስጥ ወይም ውጭ መውደቁ ብቻውን ነገሩን አይወስነውም። ፈይሳ ይህን ሲሰማ ማመን አቃተው። “እንግዲያው ደፉ ምን ሠራ?” አለ።

ጠበቃው ከዚያ ወደ ዋናው ነገር መጣ። የመጀመሪያው ምት ብዙም አያሳስበኝም አለ። ሁለተኛው ነው ጭንቁ፤ ክንዱን የሰበረው ሁለተኛው ነው፤ ልጁ ደግሞ በዚያ ጊዜ ወድቋል። እንዲዋሹ አልጠየቃቸውም። በድንጋጤ ውስጥ የነበረ ሰው ስንት ጊዜ እንደመታ፣ መቼ እንደመታ በትክክል ላያስታውስ ይችላል፤ ችሎትም ይህን ይረዳል አላቸው። “እርስዎም አላስታውስም ቢሉ የሚገርም አይደለም።”

አዴ ብርቄ ትንሽ አሰቡ።

“ልጄ፣ ሁለት እኮ ነው፤” አሉ። “ሁለት አይጠፋም።”

ከቀጠሮው በፊት የእድራችን ዳኛ ጋሽ ተሰማ ሽማግሌዎች ይዘው መጡ። ጋሽ ተሰማ ጨዋ ሰው ናቸው፤ አዴ ብርቄንም እንደ እህት ያዩዋቸዋል። ለፖሊስ የሰጡት ቃል በድንጋጤ የተሰጠ ነው ቢባል እንደሚያልፍ፣ ሰፈሩም ስለ ጠባያቸው እንደሚመሰክር ለረጅም ጊዜ አስረዱ። ልጁ እንደሆነ ራሱን ስቶ ነበር፤ ሌላ ያየ ሰው የለም።

“ሕግ የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው፤” አሉ ጋሽ ተሰማ።

“እኔስ የማውቀው የት ይግባ?”

“አዴ ብርቄ፣ እስር ቤት እኮ ነው። በዚህ እግርዎ።”

“አውቃለሁ ጋሼ። እኔም እፈራለሁ።”

እናቴ ትዕግሥቷ አለቀ። ሌባ ነው እኮ፣ ቤትዎን ሰብሮ የገባ ሌባ ነው፣ ለሌባ ብለው ነው የሚታሰሩት አለቻቸው። አዴ ብርቄ እናቴን ሲመልሱላት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“ሌባ ነው። ደፉ ላይ ሲወድቅ ግን የወደቀ ሰው ነበር።”

ሽማግሌዎቹ ያን ቀን ብዙም ሳይቆዩ ተነሱ። ጋሽ ተሰማ በሩ ጋ ሲደርሱ ኮፍያቸውን አስተካክለው ወጡ።

እኔ ያን ጊዜ በእናቴ ወገን ነበርኩ። አዴ ብርቄ ግትር ሆኑ ብዬ አሰብኩ። ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰኝ ልሰናበታቸው ሄጄ ሕግ ለመማር እንደምፈልግ ስነግራቸው መረቁኝ፤ ድፍረት አግኝቼ ያን ጊዜ ለምን ዝም እንዳላሉ ጠየቅኳቸው። “ኢንተላ ኮ፣” አሉኝ፤ ልጄ ማለት ነው። “ሌባውን ፖሊስ ከቤቴ አወጣልኝ። ውሸቱን ግን ማን ያወጣልኛል? ከእሱ ጋር የማድረው እኔ ብቻዬን ነኝ።” ከዚያ ሳቅ ብለው “ሕግ ተማሪ፤ ሰው አስታውሶ የመጣውን ግን እንዳታስረሺው፤” አሉኝ።

የችሎቱ ቀን ሰፈሩ ግማሹ መጥቶ ነበር፤ እኛም ከእናቴ ጋር ከኋላ ተቀመጥን። ችሎቱ በኦሮምኛ ነው የሚካሄደው፤ እኔ በአማርኛ እጽፈዋለሁ። መጀመሪያ ለሚ ከማረሚያ ቤት በፖሊስ ታጅቦ ቀርቦ መሰከረ። ቀኝ ክንዱ ታጥፎ ደረቱ ላይ ነው። ቤቱ መግባቱን አመነ፤ አዴ ብርቄ በሩ ላይ ቆመው እንደነበር፣ ወደ እሳቸው እንደሄደ፣ ትከሻውን ሲመቱት እንደወደቀ ተናገረ። ሁለተኛውን አያስታውስም። ጠበቃው ተነስቶ ወደ ሴትየዋ የሄድከው ልትመታቸው ነበር ወይ ብሎ ጠየቀው። ለሚ አንገቱን ደፋ። ዳኛው ጥያቄውን ደገሙለት። “አላስታውስም፤” አለ። ዐቃቤ ሕጉም ተነስቶ በሌላ በኩል ጠየቀው፤ ልታመልጥ ነበር ወይ? አሁንም አላስታውስም አለ። ዐቃቤ ሕጉ የራሱ ምስክር እንዲህ ማለቱ የከበደው ይመስል ነበር።

የአዴ ብርቄ ተራ ሲደርስ ዳኛው ቁጭ ብለው እንዲናገሩ ፈቀዱላቸው። ነገሩን ከመንገዱ ጀምረው ተናገሩ። ልጁ ወደ እርስዎ ሲመጣ ምን ሊያደርግ መሰልዎት ተብለው ተጠየቁ።

“ይምታኝ ይሁን ይውጣ አላውቅም። እኔ በሩ ላይ ነኝ። ሌላ በር የለም። እጁ ባዶ ነበር። ፈራሁ፤ መታሁት።”

“ከወደቀ በኋላስ?”

ጠበቃው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

“ከወደቀ በኋላ ደገምኩት።”

“ሊነሳ ሞክሮ ነበር?”

“አልሞከረም።”

“ታዲያ ለምን?”



“የፊተኛውን ፈርቼ ነው። የኋለኛውን ተናድጄ ነው።”

ከኋላችን የሆነ ሰው “ወይኔ፣ ጨረሱ!” አለ። ዳኛው ጸጥታ አዘዙ። አዴ ብርቄ ቀና ብለው ዳኛውን ያዩ ነበር።

ለፍርድ ሌላ ቀጠሮ ተሰጠ። በዚያ መሃል ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። አንዳንዱ እጃቸውን ለሰንሰለት ሰጡ እያለ አዘነ። ሌላው፣ በተለይ ሙዘሚል፣ እንዲህ ያለ ሴት ከሱቄ በዱቤ ብትወስድ አልጽፍባትም ይል ነበር። እድሩም ተሰብስቦ በቀብር ቀን ሁለት ሰው ሰፈር እንዲቀር የወሰነው ያን ሰሞን ነው። አሳቡን ያቀረቡት አዴ ብርቄ ናቸው። የሚቀረው ሰው የሌባን መውጫ እንዳይዘጋ፣ በሩን ለቆ ቆሞ እንዲጮህ አደራ አሉ። ፈይሳ ይህን ሲሰማ “ሌባውን ሸኙት ነው የሚሉን?” ብሎ ቀለደ። “አዎ፣ ሸኘው፤” አሉት። “አንተ እንድትድን ነው።”

የፍርዱ ቀን አዴ ብርቄ ትንሽ ጨርቃቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። ወደ ቤት እንደማይመለሱ አስበው ነበርና ቁልፋቸውን ለእናቴ ሰጥተዋታል። እናቴ ቁልፉን በመሐረቧ ቋጥራ ስትፈታው፣ ስትቋጥረው ነው የዋለችው። ለሚ የእስር ጊዜውን ጨርሶ ከሸነን ከመጡት እናቱ ጋር ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር።

ዳኛው ፍርዱን ሲያነቡ ሁሉ አልገባኝም ነበር። ዘንድሮ የወንጀል ሕጉን ከቤተ መጻሕፍት ተውሼ ሳነበው ነው ይበልጥ የተረዳሁት። ያን ቀን የገባኝ እንዲህ ነው። በጠባብ በር ላይ ብቻዋን የቆመች አሮጊት፣ ቤቷን ሰብሮ የገባ ሰው ወደ እርሷ ሲመጣ፣ በልቡ ያለውን እስክታውቅ የመጠበቅ ግዴታ የለባትም። የመጀመሪያው ምት ሕጋዊ መከላከል ነው፤ በእሱ አትጠየቅም። ሁለተኛው ግን ልጁ ወድቆ፣ አደጋው አልፎ የተደረገ ነው፤ ከመጠን ያለፈ ነውና ጥፋተኛ ናት። ዳኛው ቀጥለው ቁጣው ከዚያው ድንጋጤ የተወለደ መሆኑን፣ ዕድሜያቸውን፣ ልጁን ከድብደባ ማዳናቸውን፣ ማንም ያላየውን ራሳቸው መናገራቸውን ቆጠሩ። ቅጣቱን አቅልለው በገደብ አደረጉት። ወደ ቤትዎ መሄድ ይችላሉ አሏቸው።

አዴ ብርቄ የተባለውን ያልሰሙ ይመስል ተቀምጠው ቀሩ። ጠበቃው ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው ደገመላቸው።

ወደ ግቢው ስንወጣ ሴቶቹ እልል ሊሉ ነበር። አዴ ብርቄ እጃቸውን አነሱ። “ተዉ፣ አታሳፍሩኝ፤” አሉ። “ሰው ተሰብሯል።” ከዚያ እግራቸውን እየጎተቱ ለሚና እናቱ ወደ ቆሙበት አጥር ሄዱ። እናቴ ልትደግፋቸው ተከተለች፤ እኔም ፌስታላቸውን ይዤ ተከተልኩ። ስለዚህ ቀጥሎ የሆነውን ከሰው አልሰማሁትም።

“ልጄ፣ ስለ ፊተኛው ይቅር በለኝ አልልህም፤” አሉት። “ቤቴ ነበር፤ ፈርቼ ነበር። የኋለኛውን ግን ይቅር በለኝ።”

ለሚ መሬት መሬት ያይ ነበር። እናቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል።

“ልወጣ ነበር፣ አዴ፤” አለ። “እርስዎን ልመታ አልነበረም። ልወጣ ነበር።”

አዴ ብርቄ ቀና ብለው አዩት።

“ይህን ለዳኛው ለምን አልነገርክም?”

“እርስዎን ያስሩብኛል ብዬ።”

ዳኛው የመጀመሪያው ምት ጥፋት አይደለም ብለው ከተናገሩ ገና ብዙም አልቆየም ነበር፤ ፍርዱም እንዲሁ ይጸናል፤ ከዚህ በኋላ የሚለውጠው ነገር የለም። አዴ ብርቄ ይህን ያውቁ ነበር። በማይታጠፍ እግራቸው ወደ ልጁ ዝቅ ለማለት ሞከሩ።

“እንግዲያው ሁለቱንም ይቅር በለኝ፤” አሉት።

ለሚ በደህናው እጁ ክንዳቸውን ይዞ ቀና አደረጋቸው።